የሰው የሕይወት ታሪክ ሳርም

ሐዋሳን፣ ያኔ አዋሳ የምንላትን፣ እኔ አልመረጥኳትም። የምደባው ማስታወቂያ ላይ ከስሜ ትይዩ ተጽፋ አገኘኋትና እሺ ብዬ ሄድኩ። አብረውኝ የተመረቁት አዲስ አበባ ለመቅረት ያላንኳኩት በር አልነበረም። እኔ እዚያ የቀረኝ ነገር ስላልነበረ ማንንም አላስቸገርኩም። ሻንጣዬንና እናቴን ይዤ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። እናቴን ሻሸመኔ እስክንደርስ ድረስ ያስጨነቃት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ወንድሜ ሲመለስ አዲሱን ቤታችንን በምን ያገኘዋል?

«ለጎረቤቶቹ ነግረናል እኮ» አልኳት።

«ጎረቤት ቤት ይለቃል» አለች።

ታናሽ ወንድሜ እንደማይመለስ እኔ አውቅ ነበር። ከእሱ ጋር ታስሮ የተፈታ ልጅ ፌርማታ ላይ አጠገቤ መጥቶ ቆመና ፊቱን ወደ መንገዱ እንዳዞረ ነገረኝ። ከእስር ቤቱ አውጥተው ወስደውታል፤ ገድለውታል። «እናታችሁ እንዳትሰማ። ካለቀሰች እናንተንም ይወስዷችኋል» አለኝና የመጣው አውቶቡስ ላይ ወጣ። ልጁ አላጋነነም። ያን ጊዜ እንዲህ ላለ ሟች ድንኳን መትከል፣ ጥቁር መልበስ፣ ደረት መምታት ክልክል ነበር። በራቸውን ዘግተው፣ አፋቸውን በነጠላ አፍነው ያለቀሱ ቤተሰቦች አውቃለሁ። እናቴ ደግሞ አፏን አፍና የምታለቅስ ሴት አይደለችም። ስለዚህ «ያለበት አልታወቀም» አልኳት። ለጊዜው ብዬ ነበር። ጊዜው ግን ማለቂያ አጣ። ዓመታት አልፈው ነገሩ ላላ ሲል እኔ ከየት እንደምጀምር ጠፋኝ፤ እሷ ደግሞ መጠበቁን ለምዳዋለች። ልጇ ሞቶባት ሐዘን ያልተቀመጠች፣ እርሟን ያላወጣች እናት ሆና ቀረች። በቤታችን ውስጥ ከዚህ የሚበልጥ ጉዳይ አልነበረም፤ የማንነጋገርበትም እሱ ነበር።

እኔም ደነዘዝኩ። ይህን ቃል የምጠቀመው ሌላ ስላጣሁ ነው። ሐዘን ቢሆን ሐዘን ነው እል ነበር። ጥርስ ሊነቀል መርፌ የተወጋ ድድ ታውቃላችሁ? እንደዚያ ነው። ስትነኩት የራሳችሁ መሆኑን ታውቃላችሁ እንጂ አይሰማችሁም።

የተመደብኩት የጽሑፍ ሥራ እንዳስተምር ነው። ኮሌጁ የእርሻ ነው፤ ተማሪዎቹ የመጡት አፈርና በቆሎ፣ ከብትና መኖ ሊያጠኑ እንጂ እኔን ፍለጋ አይደለም። ልብ ወለድ አላስተምርም። የማስተምረው የሆነን ነገር እንደሆነው መጻፍ ነው፤ የመስክ ዘገባ፣ የቦታ ገለጻ፣ የሰው ታሪክ። በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ከኋላ የተቀመጠ አንድ ቀልደኛ እጁን አወጣና «ቲቸር፣ ይሄ ትምህርት ወተት ይሰጣል?» አለኝ።

«ላምህ ታማ ለሐኪሙ ስትጽፍ 'ላሜን ከፍተኛ ችግር ገጥሟታል' ብለህ የምታቆም ከሆነ ወተቱን እርሳው» አልኩት።

ክፍሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። በዚያ ዘመን ቀልድ ከአፌ ይወጣል እንጂ እኔ ዘንድ አይደርስም ነበር። ተማሪዎቹ ኮስታራ ናት ይሉኝ ነበር። ኮስታራ እንኳ አልነበርኩም፤ እዚያ የለሁም ነበር።

የማስተማሪያው ቋንቋ በደንቡ እንግሊዝኛ ነው። መልመጃውን ግን ብዙ ጊዜ በአማርኛ አሠራቸው ነበር፤ ሰው በባዕድ ቋንቋ ከመጻፉ በፊት በሚያውቀው ቋንቋ መዋሸት ያቁም ብዬ። ቅዳሜ ጠዋት ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ ወደ አሞራ ገደል፣ እሰዳቸዋለሁ። «ጀልባ ሲገባ፣ ዓሣ ሲወጣ፣ ሲሸጥ ተመልከቱ። 'እጅግ' እና 'ታላቅ' የሚባሉትን ቃላት ዶርም ውስጥ ቆልፋችሁባቸው ሂዱ» እላቸዋለሁ። ሰኞ የሚመጣልኝ ግን «ሰፊው ሕዝብ የሐይቁን ጸጋ በወኔ እየተጠቀመበት ይገኛል» የሚል ነው። እኔም ከሥሩ በቀይ «ሰፊውን ሕዝብ የት ቆሞ አየኸው? ምን ለብሶ ነበር?» ብዬ እጽፋለሁ።

ከቱላ በኩል የመጣ አንድ ተማሪ ነበር። ቤቱ የሚናገረው ሲዳምኛ ነው፤ አማርኛን የተማረው ትምህርት ቤት ገብቶ ነው። እሱ እንዲህ ጻፈ፦ «ሴትዮዋ ዓሣውን አገላበጠችው። ዋጋ ጠየቀች። ትታው ሄደች። ተመለሰች። አሞራው እስክትመለስ አልጠበቃትም።» ጮክ ብዬ ለክፍሉ አነበብኩትና «እስኪ ይህን ማን ያርመዋል?» አልኩ። ልጁ አፍሮ ጠረጴዛው ላይ ተደፋ። ያን ቀን ደስ ያለኝ ይመስለኛል። እርግጠኛ ግን አይደለሁም።

አንድ ጊዜ «ሰፊው ሕዝብ» የሚለው ላይ ቀይ መሥመር ያሰመርኩበት ተማሪ ከሰሰኝ። መምህሯ ሰፊውን ሕዝብ ሰርዛለች ነው ክሱ። የኮሌጁ የፓርቲ ጸሐፊ አስጠራኝ። ከብት እርባታ የሚያስተምር ወጣት ነው፤ ክፉ ሰው አልነበረም። ሁልጊዜ አንድ ሰው ከኋላው የሚመለከተው ይመስል ትከሻውን ሰብስቦ ይሄዳል። ወረቀቱን አገላብጦ አየና «ጓድ፣ ከዚህ በኋላ በእርሳስ ብትሰርዢውስ?» አለኝ። እሺ አልኩ። የዚያን ሰሞን ሌላ ሰው በእኔ ቦታ ቢሆን እንቅልፍ ባልወሰደው። እኔ ጥሩ አድርጌ እተኛ ነበር፤ ፍርሃትም እንደ ሳቁ ነው፣ መንገድ ላይ ይቀርብኛል።

እናቴ ግን ከተማዋን ከእኔ ቀድማ ወደደቻት። ቤታችን በምሥራቅ በኩል ነበር፤ ግቢው ውስጥ ጎመንና ጤና አዳም ተከለች። ሰው ሁሉ የሚኮራበትን ዓሣ ከጾም ውጪ አልቀምስም ብላ ከጎረቤት ሁሉ ጋር ተከራክራለች። ከአዲስ አበባ የመጣ ተማሪ ቤታችን ከገባ የሚበላውን አቅርባ ሰፈሩን ትጠይቀዋለች። ትምህርት ቤቱን ትጠይቀዋለች። ከዚያ የወንድሜን ስም ትጠራና «አታውቀውም?» ትላለች። ልጆቹ ዕድሜያቸው አይደርስም፤ ወንድሜ ሲወሰድ አንዳንዶቹ ገና ፊደል እየቆጠሩ ነበር። «አላውቀውም እማማ» ይሏታል። «አይ፣ እሱ ዝምተኛ ነው፣ አይታወቅም» ትላቸዋለች። እኔ በዚህ ጊዜ የማርመው ወረቀት አላጣም።

ከክፍል ውጪ ያለው ሥራዬ ከክፍሉ ሥራ ይበልጥ ነበር። በዚያ ዘመን የሕይወት ታሪኩን ያልጻፈ ሰው አልነበረም። ለፓርቲ አባልነት ለመታጨት የሕይወት ታሪክ፣ ሶቭየት ኅብረት ሄዶ ለመማር የሕይወት ታሪክ፣ ለሹመት የሕይወት ታሪክ። ተጽፎም አያበቃም፤ የመሥሪያ ቤቱ የፖለቲካ ውይይት ክበብ ፊት ቆሞ ማንበብና ሂስ መቀበል አለ። ታዲያ የጽሑፍ አስተማሪ ግቢው ውስጥ ተገኝታ ማን ይተዋታል? ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከትቶ ቢሮዬ የማይመጣ አልነበረም። «እስኪ ዓይንሽን ጣል አድርጊበት» ነው ልመናው። ሁሉም ከጭቁን አርሶ አደር ቤተሰብ ተወልዷል። ሁሉም ገና በልጅነቱ የፊውዳሉ ሥርዓት ቀንበር ከብዶታል፤ አንዱማ ጡት ሳይጥል ነው የከበደው። አባቱ ገበያ መሀል ትልቅ ሱቅ እንደነበራቸው ሁላችንም የምናውቀው ባልደረባችን «ጨውና ክብሪት በመቸርቸር የሚተዳደር ድሀ ቤተሰብ» ብሎ ጽፎ መጣ። «ክብሪቱን አውጣው፣ በዛ» አልኩት። አወጣው። የፓርቲ ጸሐፊውንም የሕይወት ታሪክ ያረምኩት እኔ ነኝ።

ሌሎቹ ደንበኞቼ ሐዘንተኞች ናቸው። ሰው ሲሞት በቀብሩ ላይ ወይም ለሠልስቱ ድንኳን ውስጥ የሚነበበው የሕይወት ታሪክም ወደ እኔ ይመጣል። ልዩነቱ ሟቹ ሹመት አለመጠበቁ ብቻ ነው። «ደግ፣ ሩኅሩኅ፣ ሰው አክባሪ ነበሩ» የሚል ያመጡልኛል። «ምን ሲያደርጉ አያችኋቸው?» እላለሁ። መጀመሪያ ይቆጣሉ፤ ይቺ ሴትዮ ልብ የላትም እንዴ በሚል አስተያየት ያዩኛል። ቆይተው ይነግሩኛል። አንዷ ልጅ አባቷ ዝናብ ሲያንዣብብ ቤት ለቤት እየዞሩ ጎረቤት ያሰጣውን በርበሬና እህል ያስገቡ እንደነበር ነገረችኝ። ደግ የሚለውን ሰርዤ በርበሬውን ጻፍኩ። በቀብሩ ላይ ሲነበብ ሰዉ ሁሉ አለቀሰ አሉ። እኔ እንዲህ ስጽፍ ዓይኔ ረጥቦ አያውቅም። ሰዎች ልበ ጠንካራ ነሽ ሲሉኝ ምስጋና ይመስላቸዋል።

የትምህርት ክፍላችን ኃላፊ ሲዛወር ቦታውን ለእኔ አሰቡት። መጨረሻ ላይ የያዘው ሌላ ሰው ነው፤ እኔ እስከ ጡረታዬ ጠመኔዬን ይዤ ቀረሁ። ያን ጊዜ ግን ነገሩ ያለቀ ይመስል ነበር። አልጠየቅሁም፤ እምቢ ለማለትም ጉልበት አልነበረኝም። ጸሐፊው «ጓድ፣ ያው ሥርዓቱን ታውቂዋለሽ፤ ጽፈሽ ክበቡ ላይ ታነቢልናለሽ» አለኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «የእህት ወንድምን ነገር አትዝለይው። ጥያቄ የሚያስነሳው የተዘለለ ነገር ነው» አለ። ስለ ወንድሜ የሆነ ነገር ሰምቷል ማለት ነው።

ጻፍኩ። የራሴን መጻፍ ቀላል ሆነልኝ፤ የማላውቃት ሴት ወረቀት እንደማረም ነበር። የት ተወለደች፣ የት ተማረች፣ ምን ታስተምራለች። ወንድሜ ጋ ስደርስ ብዕሬ ቆመ። «ያለበት አይታወቅም» ብል ጫካ ገብቷል፣ ድንበር ተሻግሯል ይሉኛል። «ፀረ አብዮተኛ ስለነበር እርምጃ ተወስዶበታል» ማለት የተለመደው አባባል ነው። ስንት ሰው በገዛ ወንድሙ ላይ እንዲህ ብሎ ሲጽፍ አይቻለሁ፤ አልፈርድባቸውም፣ ልጆች ነበሯቸው። እኔ ግን ያን ቃል ለወንድሜ አልሰጠውም። ስለዚህ ተማሪዎቼን የምነዘንዛቸውን ነገር አደረግሁ፤ የማውቀውን ብቻ ጻፍኩ። «ታናሽ ወንድሜ ሞቷል።» ዓመት የለው፣ ምክንያት የለው።

ክበቡ የሚሰበሰበው ከሥራ በኋላ በትልቁ አዳራሽ ነው። መምህራኑም፣ የቢሮ ሠራተኞቹም፣ ሾፌሮቹም፣ ጥበቃዎቹም ይገኛሉ፤ ከፊሉ ያዳምጣል፣ ከፊሉ ያንቀላፋል። ቆሜ አነበብኩ። «ታናሽ ወንድሜ ሞቷል» ስል ድምፄ እንደ ሌላው መሥመር ሁሉ ነበር። ጮክ ብዬ ስለው በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው። አንድ ነገር ይሆናል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ምንም አልሆነም፤ ወደሚቀጥለው መሥመር አለፍኩ። ጸሐፊው «ጥያቄ ወይም ሂስ ያለው ጓድ?» አለ። ማንም አልነበረውም። አጨበጨቡ። ጸሐፊው የብዕሩን ክዳን ሲገጥም እፎይ እንዳለ ያስታውቃል። እኔም አለቀ ብዬ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ከኋላ ወንበር የኮሌጁ ጋራዥ ኃላፊ ተቀምጠው ነበር። ቤተሰባቸው ከድሮ ጀምሮ ገበያ ውስጥ የሚነግድ፣ ሙስሊም ሽማግሌ ናቸው፤ የሠራተኞቹ ዕድር ዳኛም እሳቸው ናቸው። ስብሰባ ላይ እንዳሸለቡ ነው የሚውሉት። ያን ቀን ግን አላሸለቡም። ሲወጡ ጎረቤቴን፣ የሬጅስትራሩን ታይፒስት፣ ወደ ጥግ ጠርተው «እናትየው ሰምተዋል?» ብለው ጠየቋት።

«ኧረ አልሰሙም! በቀደም እንኳ ይመጣል ሲሉኝ ነበር» አለቻቸው። ይህን የነገረችኝ እሷው ናት፣ ሁሉም ካለፈ በኋላ።

እኔ ያነበብኩት ሥርዓቱ ስለሆነ ነው። ዳኛው የሰሙት ግን ሌላ ነው። መርዶ ለገዛ እናቱ ብቻውን የሚያረዳ ልጅ በእኛ ዘንድ የለም። ክፉ ወሬ የደረሰው ሰው ለዕድሩ ይነግራል። ዕድሩ ሽማግሌ አሰባስቦ፣ በማለዳ፣ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ መጥቶ ያረዳል። ታዲያ አንዲት ሴት የዕድሯ አባላት ሁሉ በተሰበሰቡበት ቆማ «ወንድሜ ሞቷል» ስትል፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ መርዶ ሲያረዱ የኖሩ ሰው ምን ይበሉ? ወሬው ገና አሁን ደረሳት፣ በአፏ መጠየቁ ቢከብዳት እናቴን አርዱልኝ ብላ በወረቀት ጠየቀችን አሉ። ፓርቲው፣ ሹመቱ፣ ሂሱ ጨርሶ አልታያቸውም። እንዲህ ያለ ስህተት ሌላ አገር የሚሠራ አይመስለኝም።

ቅዳሜ ማለዳ ጥርሴን እየፋቅሁ ሳለ የግቢው በር ተንኳኳ። ስከፍት ዳኛው ጋቢያቸውን ተከናንበው ቆመዋል። ከኋላቸው የዕድሩ ሽማግሌዎች፣ ከእነሱ ኋላ ነጠላቸውን ለሐዘን ያዘቀዘቁ ሴቶች። ታይፒስቷ መካከላቸው አለች፣ ቀና ብላ አታየኝም። መንገዱ ላይ የዕድሩን ድንኳን የጫነ ፒክአፕ ቆሟል።

«ጋሼ፣ ምንድን ነው?» አልኳቸው፣ ምን እንደሆነ እያወቅሁ።

«አብሽሪ ልጄ። አንቺ የድርሻሽን አድርገሻል፤ የቀረው የኛ ነው» አሉኝ።

ላቆማቸው እችል ነበር። ዛሬ የሞተ አይደለም፣ አሮጌ ነገር ነው፣ ተመለሱ ማለት ይቻል ነበር። መፋቂያዬን እንደያዝኩ ከበሩ ገለል አልኩላቸው፤ ተራ በተራ ገቡ።

እናቴ ሻሿን ሳታስር ከመኝታ ቤት ወጣች። ሽማግሌዎቹን አየቻቸው። የሴቶቹን ነጠላ አየች። ከዚያ እኔን አየችኝ።

«ማን ነው?» አለች። «አባትሽ ድሮ ሞቷል። አንቺ ይኸው ቆመሻል። ማን ቀረኝና ነው የመጣችሁት?»

«እስኪ ይቀመጡ፣ እናቴ» አሉ ዳኛው።

«ቆሜ ልስማው።»

«ልጅዎ አርፏል። አላህ ጽናቱን ይስጥዎት።»

ሴቶቹ በአንድ ድምፅ ለቅሶውን ጀመሩት። እናቴ አላለቀሰችም። ቀስ ብላ ተቀመጠች፣ እጆቿን ጭኗ ላይ አደረገችና ፊት ለፊቷ ያለውን ግድግዳ ማየት ጀመረች። ሴቶቹ ደረታቸውን እየመቱ ሊያስለቅሷት ሞከሩ። «ይውጣልዎት፣ እማማ፣ ያልቅሱ» አሏት። እሷ የሰው ለቅሶ ልትደርስ እንደመጣች ሴት ዝም ብላ ተቀምጣለች። ታይፒስቷ ወደ ጓዳ ጎትታ አስገባችኝና «ልባቸው ቀጥ እንዳይል! እሳቸው አላለቀሱ፣ አንቺ አላለቀስሽ፣ ምን ዓይነት ቤት ነው?» አለችኝ።

ድንኳኑ ግቢያችን ውስጥ ተተከለ። ጎመኑ ተረገጠ። ተማሪዎቼ ከኮሌጁ አግዳሚ ወንበር ተሸክመው መጡ፣ ውኃ አመላለሱ። ሰው እየገባ «እግዜር ያጥናችሁ» እያለ ይቀመጣል። ለቅሶ ቤት ሰው ከተቀመጠ በኋላ የመጀመሪያው ጥያቄ «ምን ሆኖ ነው?» የሚለው ነው። የኛን ማንም አልጠየቀም። መቼ ሞተ፣ የት ሞተ፣ ሬሳው የት አለ የሚል አልነበረም። ሁሉም በየቤቱ እንዲህ ያለ ሟች ነበረው፤ ዝም ብለው እያወቁ ይቀመጣሉ። ጸሐፊውም የፓርቲውን ካኪ እንደለበሰ መጥቶ የድንኳኑ አፍ አጠገብ ተቀመጠ፤ በማግስቱም መጣ። እኔ ንፍሮ ስቆረጥም ነበር። ጨው እንዳነሰው ትዝ ይለኛል።

በሠልስቱ ዋዜማ ከሰዓት በኋላ ዳኛው አጠገቤ መጥተው ተቀመጡ። እስከዚያ ድረስ ሐዘኑ አሮጌ መሆኑን ሳይረዱት አልቀሩም፤ አንድም ቃል አላሉኝም።

«ነገ ሰው ሲሞላ የሕይወት ታሪኩ ይነበባል» አሉኝ። «ለሰው ሁሉ ስትጽፊ ኖረሽ የወንድምሽን ሳትጽፊ አትቀሪም።» ከዚያ ወደ ድንኳኑ አፍ ገረፍ አድርገው አዩ። «አሟሟቱን ግን፣ ያው እንደ ሰው ሁሉ፣ 'ባደረበት ሕመም በሕክምና ሲረዳ ቆይቶ' በይና እለፊው። ለእናትሽም ለአንቺም ይሻላል። እንጀራሽን አስቢ።»

«እሺ ጋሼ» አልኩ። ቅን ሰው ናቸው፤ አንድ ቤት ላይ ሌላ መከራ እንዳይጨመር ብለው ነው።

ልጽፍ ተቀመጥኩ። ለማላውቃቸው ሽማግሌዎች ገጽ በገጽ ላይ የጻፍኩ ሰው ለወንድሜ አንዱ ገጽ አልሞላልኝም። ሥራ አልያዘም፣ አላገባም፣ አልወለደም። ትምህርት ቤት ገባ የሚል አለ፣ ከዚያ ወዲያ የሚጻፍ የለም። ሌሎቹን እንደምጠይቃቸው ራሴን ምን ሲያደርግ አየሽው ብዬ ጠየቅሁ። ውሻ ይፈራ ነበር፤ ሱቅ ሲላክ ውሻ ያለበትን ቤት ላለማለፍ ሰፈሩን ይዞር ነበር። ሲዋሽ ጆሮውን ይነካል። ማንበብ ለማትችለው እናታችን ጋዜጣ ያነብላታል፤ አሰልቺ ሲሆንበት ከራሱ እየፈጠረ ይጨምርበታል፣ እሷም ታውቅበታለች፣ ትስቃለች። እነዚህን ጻፍኩ። እየጻፍኩ ምንም አልተሰማኝም፤ ደህና ተጽፏል ብዬ ማሰቤን ግን አስታውሳለሁ። መጨረሻው ላይ የታዘዝኩትን ጨመርኩ።

በሠልስቱ ድንኳኑ ሞልቶ ሰው ውጭ ቆሟል። እናቴ ሴቶቹ መሀል ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች፤ እስከዚያች ሰዓት እንባ አልወጣትም። ቆሜ ማንበብ ጀመርኩ። ስለ ውሻው ሳነብ ከሴቶቹ አንዷ ፈገግ አለች። ጋዜጣው ጋ ስደርስ እናቴ ራሷን ነቀነቀች፣ ልክ ነው እንደማለት። ከዚያ «ባደረበት ሕመም በሕክምና ሲረዳ ቆይቶ» አልኩ።

«ማነው የታመመው?» አለች እናቴ።

ድምጿን ከፍ አላደረገችም ነበር፤ ድንኳኑ ጸጥ ስላለ ግን ሁሉም ሰማ።

«እማዬ…» አልኩ።

«ልጄ መቼ ታመመ? ከቤቴ ሲወስዱት ጤነኛ ነበር። ሹራቡን ያለበስኩት እኔ ነኝ። ያለበት አልታወቀም ስትይኝ ይህን ሁሉ ዘመን ዝም አልኩሽ። አሁን ደግሞ በሽተኛ ታደርጊብኛለሽ? አስተካክይና አንብቢው።»

ዳኛው ዓይናቸውን መሬት ላይ ተከሉ። ጸሐፊው ትከሻውን ሰብስቦ ድንኳኑ አፍ ላይ ተቀምጧል። አየሁት፤ እሱም አየኝ። እንጀራዬ ፊቴ ነበር፣ ቤቱም፣ የእናቴ ጉሮሮም፤ አልረሳኋቸውም። ወረቀቱን ዝቅ አደረግሁና ክፍል ውስጥ በማነብበት ድምፅ «ታናሽ ወንድሜን ከቤት ወሰዱት። አሰሩት። ገደሉት» አልኩ።

ጸሐፊው ተነስቶ ይወጣል ብዬ ነበር። አልወጣም፤ አቀረቀረ።

«አዎ» አለች እናቴ። «እንደሱ።»

ከዚያ ጮኸች። እንዲህ ያለ ድምፅ ከእሷ ይወጣል ብዬ አስቤ አላውቅም። ሴቶቹ ተቀበሏት። የቀሚሴን ጫፍ ይዛ ጎተተችኝና አጠገቧ ፍራሹ ላይ ወደቅሁ። ራሴን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛ «አልቅሺ፣ አንቺም ልጄ ነሽ፣ አልቅሺለት» ትለኛለች። አለቀስኩ ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ። አላለቀስኩም። እንባዋ አንገቴ ላይ ሲወርድ ሙቀቱ ይሰማኝ ነበር፤ እሷ ለሁለታችንም አለቀሰች።